የሩቅ ጋላክሲዎች መምህርት

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፎ በጀልዱ በኩል ወደ ጊንደበረት የሚዘልቀው መንገድ ካቺሲ ያደርሳል። ከካቺሲ ወዲያ ደጋው እየተቆረሰ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በታኅሣሥና በጥር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ቀና ያለ ሰው ከእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውጪ ያሉ ጋላክሲዎችን ያለ መሣሪያ ማየት ይችላል። ገና እንደ መሸ አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ፣ ደብዘዝ ያለች ነጭ ነጠብጣብ ሆና ትታያለች። ወደ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደግሞ ትልቁ የማጅላን ደመና በደቡብ አድማስ ላይ ብቅ ይላል፤ ተራራና ጭጋግ ካልከለለው ይገኛል። ለንደን የሚኖር ሰው ይህን ደመና ከአገሩ ሳይወጣ ዕድሜ ልኩን አያየውም። በደቡባዊ ኒውዚላንድ የሚኖረውም አንድሮሜዳን የሚፈልጋት ከአድማስ ጥግ ላይ ነው። ካቺሲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ሁለቱንም የሰማይ ወገኖች ታያለች።

ሰማዩስ ድሮም ነበረን። ሳይኖረን የቆየው ይህን ሰማይ በሙያ የሚያነብና ለሌላው የሚያስነብብ መምህር ነው። እዚህ የምተርከው ያ መምህር ከየት እንደ ተገኘና አገራችን ውስጥ የሩቅ ጋላክሲዎች ጥናት እንዴት እንደ ተጀመረ ነው። የመነጽርና የመስታወት ታሪክ ሳይነካ አያልፍም፤ ከሁሉ በፊት ግን የማስተማር ታሪክ ነው።

ከዋክብትን እያዩ ዘመን መቁጠር ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ቤተ ክህነት በዓላቷን በባሕረ ሐሳብ ስትቀምር ኖራለች። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናት እንደ ጻፉት፣ የቦረና አያንቱዎች ጨረቃ ከየትኞቹ ኮከቦች አጠገብ እንደ ቆመች እያዩ 354 ቀን ያለውን ዓመታቸውን ይቆጥራሉ። ከሚጠቀሙባቸው የኮከብ ስብስቦች አንዱ ላሚ ይባላል። አውሮፓውያን ሦስት ማዕዘን በሚል ስም በሚያውቁት በዚያ የሰማይ ክፍል ውስጥ ዛሬ በቴሌስኮፕ የምናየው አንድ ትልቅ ጋላክሲ አለ። አያንቱዎቹ ዓይናቸውን የጣሉበት ቦታ ነው።

በፋርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ964 አብዱራህማን አል-ሱፊ አንድሮሜዳን በከዋክብት መጽሐፉ ውስጥ ትንሽ ደመና አድርጎ መዘገባት። ያች ደመና ምን እንደ ሆነች ለማወቅ ከ950 ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1923 ኤድዊን ሀብል ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዊልሰን ተራራ ላይ ባለው 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ባነሳው ምስል በአንድሮሜዳ ውስጥ ብርሃኗ በየጊዜው የሚደምቅና የሚደበዝዝ ኮከብ አገኘ። እንዲህ ያለች ኮከብ የምትደምቅበት ዙር ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ከታወቀ እውነተኛ ድምቀቷ ይታወቃል፤ ድምቀቷ ከታወቀ ርቀቷ ይሰላል። ሀብል ስሌቱን ሲጨርስ አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጪ ያለች ራሷን የቻለች ጋላክሲ ሆና ተገኘች። ግኝቱ በ1925 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆነ። ዛሬ ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት እንደ ሆነ እናውቃለን። ብርሃኗ ወደ እኛ ጉዞ የጀመረው ከሉሲ ዘመን በኋላ፣ ነገር ግን የዛሬው ዓይነት ሰው ከመፈጠሩ እጅግ ቀደም ብሎ ነው።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የአንዳንድ ጋላክሲዎች እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካዊው ካርል ሰይፈርት እምብርታቸው ከተለመደው በላይ የሚያበራ ጥቂት ጋላክሲዎችን ለይቶ ጻፈ። በ1963 ደግሞ ማርተን ሽሚት ኮከብ ስትመስል የነበረችውን 3ሲ 273 ብርሃን ተንትኖ ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ እንዳለች አረጋገጠ። ያን ያህል ርቃ እንዲህ ለመድመቅ የሚያስፈልገው ኃይል ከከዋክብት ድምር አይገኝም። መልሱ ከዓመታት ክርክር በኋላ ጠራ። በጋላክሲው እምብርት የፀሐይን ሚሊዮንና ቢሊዮን እጥፍ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ወደ እሱ የሚወድቀው ጋዝ እየተሽከረከረና እየተፋተገ ይግላል፤ ያ ግለት ብርሃንና ኤክስሬይ ይረጫል። ጥቁር ጉድጓዱ ራሱ አያበራም፤ የሚያበራው ሊውጠው ያለው ጋዝ ነው። እንዲህ ያሉትን ንቁ ጋላክሲዎች እንላቸዋለን።

በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የነበረው ሳይንሳዊ ማዕከል ወደ ምድር የሚያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዊን በከተማው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። የምድር መግነጢስ ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ ቦታው ለዚህ ጥናት ውድ ነበር፤ የስምጥ ሸለቆውን የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቡም እዚያው ተጀመረ። የከዋክብት ፊዚክስ ግን ለረጅም ጊዜ በጥቂት መምህራን ጫንቃ ላይ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ለገሠ ወትሮ ናቸው። ቴሌስኮፕ በሌለበት፣ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ፣ የከዋክብትን ውስጠ ነገር ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስማቸው ከዚህ በላይ ሊነሳ የሚገባ ይመስለኛል።

ትረካው አሁን ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1981 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ ከቤልግሬድ አቅራቢያ በምትገኘው በፓንቼቮ ከተማ ሚርያና ፖቪች ተወለዱ። ልጅነታቸው የዋለው አገራቸው እየፈረሰች ባለችበት ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ጦርነትና ማዕቀብ መጣ፤ ገንዘቡም ዋጋ አጣ። በ1999 የኔቶ አውሮፕላኖች የፓንቼቮን የነዳጅ ማጣሪያና የኬሚካል ፋብሪካዎች ሲደበድቡ እሳቸው 18 ዓመት ገደማቸው ነበር። በዚያ ሁሉ መካከል የመረጡት ትምህርት አስትሮፊዚክስ ሆነ፤ የተማሩትም በቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያስተምሯቸው ልጆች ጦርነትና እጥረት ምን እንደ ሆነ ሲነግሯቸው ማብራሪያ የማይጠይቁት ለዚህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ከቤልግሬድ ወደ ስፔን፣ ወደ ካናሪ ደሴቶች አቀኑ። የካናሪ አስትሮፊዚክስ ኢንስቲትዩት መቀመጫ ቴኔሪፍ ነው። በጎረቤት ደሴት በላ ፓልማ አናት ላይ ደግሞ መስታወቱ 10.4 ሜትር የሆነው የዓለማችን ግዙፉ የኦፕቲካል ቴሌስኮፕ የሚገነባበት ጊዜ ነበር። የዶክትሬት ሥራቸውን በላ ላጉና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈጸሙ፤ ርዕሳቸው ኤክስሬይ የሚረጩ ንቁ ጋላክሲዎች ነበሩ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ በኋላ እንጦጦ ላይ የሆነውን የሚያስረዳው ይህ ነውና። ኤክስሬይ የምድርን አየር አልፎ አይገባም፤ ስለዚህ የሚለካው ከሕዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ኤክስኤምኤም-ኒውተን አንድን ትንሽ የሰማይ ቁራጭ ለረጅም ሰዓት አትኩራ ኤክስሬይ የሚመጣባቸውን ነጥቦች መዘገበች። ያንኑ የሰማይ ቁራጭ ሃዋይ ላይ ያለው 8.2 ሜትር የጃፓን ቴሌስኮፕ ሱባሩ በተራ ብርሃን አነሳው። ተመራማሪዋ ሁለቱን መዝገቦች አገናኝተው የትኛው የኤክስሬይ ነጥብ የየትኛው ጋላክሲ እንደ ሆነ ይለያሉ። ከዚያ ጋላክሲው ምን መልክ እንዳለው ይለካሉ፤ ክብ ነው ወይስ ጠመዝማዛ ክንዶች አሉት፣ ብርሃኑ መሀሉ ላይ ተሰብስቧል ወይስ ተበትኗል፣ ቀለሙስ ሰማያዊ ነው ወይስ ቀይ? ሰማያዊ ከሆነ አዳዲስ ከዋክብት እየተወለዱበት ነው፤ ቀይ ከሆነ የቀሩት ያረጁት ናቸው። ጥያቄው ትልቅ ነው። በእምብርቱ ያለው ጥቁር ጉድጓድ የጋላክሲውን ዕድሜና መልክ ይቀይራል ወይ? ይህን ለመጠየቅ ዶክተር ሚርያና ሱባሩን ራሳቸው መንዳት አላስፈለጋቸውም። መረጃው ተሰብስቦ ነበር፤ የጎደለው አንባቢ ነበር።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ነገር እየተጠነሰሰ ነበር። በ1996 ዓ.ም ዶክተር ለገሠ ያሉበት አነስተኛ ቡድን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን መሠረተ። አብዛኛው ሰው አልተቀበላቸውም። ዳቦ ባልተዳረሰበት አገር ስለ ሰማይ ማውራት እንደ እብደት ተቆጠረ፤ በመንግሥት በኩልም የምግብ ዋስትና ይቅደም የሚል መልስ ተሰጣቸው። ክርክሩን በንቀት የማልፈው አይደለም። ረሀብን ያየ ሕዝብ ይህን መጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን ካቺሲ የምትገኝበትን የምዕራብ ሸዋን ምሳሌ እዩ። የወሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ያንን ማሽላ ያስገኘው አንድ የገጠር ልጅ እስከ ጥግ ድረስ ሳይንስ እንዲማር ዕድል ማግኘቱ ነው። ጋላክሲ የሚያጠና ልጅም ሆነ ማሽላ የሚያዳቅል ልጅ የሚወጣው ከአንድ የፊዚክስና የሒሳብ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ከተዘጋ ሁለቱም ይቀራሉ።

ዶክተር ሚርያና ከካናሪ ወደ ግራናዳ፣ ወደ አንዳሉሲያ አስትሮፊዚክስ ኢንስቲትዩት ተሻገሩ። እዚያ አልሃምብራ የተባለ የሰማይ ቅኝት ነበር። በደቡብ ስፔን፣ በካላር አልቶ ተራራ ያለ 3.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ሰማዩን በ20 የብርሃን ማጣሪያዎችና በ3 የታህታይ ቀይ ማጣሪያዎች ያነሳ ነበር። ከዚህ የሚወጡት ጋላክሲዎች ብዛት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በዓይኑ የሚጨርሰው አይደለም። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ቅርጻቸው በደንብ የታወቀ ጋላክሲዎችን አሳይተው ሌሎቹን ራሱ እንዲለይ አስተማሩት። እናት ለልጇ ምስሩን ከጠጠሩ ለይታ ጥቂት አሳይታ ሰፌዱን እንደምትሰጠው ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዝርዝር የ22,051 ጋላክሲዎችን መልክ ይዟል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ የሁሉም ሰው ወሬ ነው፤ ያኔ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ በዝምታ የሚሠሩት ጥቂቶች ነበሩ።

ሰኔ 2007 ዓ.ም የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተመረቀ። ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ከነጉልላታቸው ቆሙ። ወጪው 3.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከፋዩም ሼህ መሐመድ አሊ አል አሙዲ ናቸው። እብዶች የተባሉት ሰዎች ከ11 ዓመት በኋላ ተራራው ላይ ቆመው ሪባን ቆረጡ። በ2009 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ዋና ዳይሬክተሩ የነበሩት ዶክተር ሰለሞን በላይ ራሳቸው የአስትሮፊዚክስ ሰው ናቸው፤ በመግነጢሳዊ ኮከብ ዙሪያ የሚሽከረከረው የጋዝ ሳህን እንዴት እንደሚሠራ ከስዊድናዊ ባልደረባቸው ጋር ያሳተሙ።

ዶክተር ሚርያና እ.ኤ.አ. በ2016 ስፔንን ትተው አዲስ አበባ የገቡት ወደዚህ ተቋም ነው። የአውሮፓ ተመራማሪ ወደ አፍሪካ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና መጥቶ ፎቶ ተነስቶ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ኑሮን ጠቅልሎ መምጣት ግን ሌላ ነው። ምክንያታቸውን በየመድረኩ ሲናገሩ ሳይንስና ትምህርት ድህነትን ከሥሩ ለመንቀል ዋነኛው መንገድ እንደ ሆኑ ይገልጻሉ። በረዳት ፕሮፌሰርነት ተቀጥረው የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ያዙ።

ችግሩ የታወቀ ነው። ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ በቢሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ ደካማ ጋላክሲ ለማጥናት አይበቃም። የላ ፓልማው መስታወት የሚሰበስበው ብርሃን የእንጦጦውን 100 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንጦጦ ከዚህም በላይ ሁለት ጠላት አለው፤ ከግርጌው በየዓመቱ የሚሰፋው የአዲስ አበባ መብራት እና የክረምቱ ደመና። ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን፣ ጥንድ ከዋክብትንና በሌሎች ፀሐዮች ፊት የሚያልፉ ፕላኔቶችን ለመከታተል ይሆናል፤ ተማሪን በእጁ ለማለማመድም ትልቅ ጥቅም አለው። ለሩቅ ጋላክሲ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

መንገዱ ዶክተር ሚርያና ከተማሪነታቸው ጀምሮ የሄዱበት ነው። ትልልቆቹ የሰማይ ቅኝቶች መረጃቸውን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለዓለም ሁሉ ይከፍታሉ። የሀብል የሕዋ ቴሌስኮፕ፣ የአውሮፓው ሄርሸል፣ የአሜሪካው ስሎን ቅኝት ያነሷቸው ምስሎችና ልኬቶች ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ላለው ሰው ሁሉ ተቀምጠዋል። የሰበሰቧቸው ሰዎች ሊጠይቋቸው ያልደረሱባቸው ጥያቄዎች በውስጣቸው ሞልተዋል። ጥያቄውን ማወቅና መረጃውን ማንበብ ግን ሰው ከሰው የሚማረው ሙያ ነው። የቱ ነጥብ ጋላክሲ፣ የቱ የመሣሪያ ስህተት እንደ ሆነ መለየት፣ ስሌቱ የሰጠውን ቁጥር መጠራጠር፣ የመጽሔቱ ገምጋሚ ሲመልስበት ተስፋ ሳይቆርጡ ጽሑፉን ማረም ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የጎደለው ይህ ነበር፤ የመጣውም ይህ ነው።

የመጀመሪያው ፍሬ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሩዋንዳዊው አንትዋን ማሆሮ ከዶክተር ሚርያና ጋር በብሪታኒያው ሮያል አስትሮኖሚካል ሶሳይቲ መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። ጋላክሲዎችን በቀለማቸው ስንደረድራቸው ሁለት ትልልቅ መንደሮች ይወጣሉ፤ ከዋክብት የሚወለዱባቸው ሰማያዊዎቹ እና ያረጁት ቀዮቹ። በመካከላቸው ሰው የሚያንስበት ስፍራ አለ፤ አረንጓዴው ሸለቆ ይሉታል። ጋላክሲ ከወጣትነት ወደ እርጅና ሲሻገር የሚያልፈው በዚያ ነው ተብሎ ይታሰባል። ብዙ ተመራማሪዎች ሽግግሩን የሚያፋጥነው ጥቁር ጉድጓዱ ነው፣ የሚረጨው ኃይል ጋዙን አባርሮ የከዋክብትን ልደት ያስቆማል ይላሉ። ማሆሮና መምህሩ ግን በሄርሸል የታህታይ ቀይ ብርሃን በደመቁት የሸለቆው ንቁ ጋላክሲዎች ውስጥ የከዋክብት ልደት ሲቀንስ አላገኙትም። እንዲያውም ጥቁር ጉድጓዱ ልደቱን ሊያበረታታ የሚችልበትን ዕድል አነሱ። ቁርጥ ያለ ፍርድ አይደለም፤ የተለመደውን አባባል ግን ደግሞ እንዲመረመር ያደርጋል።

ሁለተኛው ይበልጥ ቀልቤን ይስበዋል። ኢትዮጵያዊው ዘለቀ በዮሮ አማዶ ለዶክትሬቱ የያዘው በፍሪትዝ ዝዊኪ ዝርዝር ውስጥ 0024+1652 የተባለውን የጋላክሲዎች ክምችት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በራሳቸው ስበት ተሳስረው የሚኖሩበት ስፍራ ነው። ብርሃኑ ከዚያ የተነሳው ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ምድራችን ራሷ ከተፈጠረች ብዙም ሳትቆይ ነው። አላን ድሬስለር እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳየው፣ ዛሬ በአቅራቢያችን ባሉ ክምችቶች ውስጥ ጋላክሲ በተጨናነቀበት መሀል ክቦቹ ይበዛሉ፤ ወደ ዳር ሲወጣ ጠመዝማዛዎቹ። ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊትስ እንዴት ነበር? ዘለቀ የሀብል ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች ወስዶ፣ መምህሩ ግራናዳ ላይ አልሃምብራን በለዩበት ዘዴ የክምችቱን አባላት መልክ አንድ በአንድ ለየ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው የብሪታኒያ መጽሔት ታተመ። በሩቅ ጋላክሲ ላይ የተሠራ ሥራ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሚማር ተማሪ ሲወጣ ማየት፣ ለእኔ፣ ጉልላቱ ሲመረቅ ከማየት ይበልጣል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ያዘጋጀውንና ለሴት ተመራማሪዎች የሚሰጠውን የአነቃቂ ሳይንስ ሽልማት ዶክተር ሚርያና በመጀመሪያው ዓመት ተቀበሉ። ከወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2019፣ በኤም 87 ጋላክሲ እምብርት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጥላ ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ታየ። ያ ምስል ገና ትኩስ ሳለ ከመስከረም 26 እስከ 30 ቀን 2012 ዓ.ም የዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት 356ኛ ሲምፖዚየም አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። ርዕሱ የጋላክሲዎች እምብርት እንቅስቃሴ በዩኒቨርስ ዘመን ሁሉ የሚል ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመ በመሆኑ 100ኛ ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስቶክሆልም ላይ የዓመቱ የፊዚክስ ኖቤል ለጄምስ ፒብልስ፣ ለሚሼል ማዮርና ለዲዲየ ኬሎ መሰጠቱ ተነገረ፤ ሦስቱም የሰማይ ተመራማሪዎች። ንቁ ጋላክሲን ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ ሊቃውንት፣ ሐጋይ ኔትዘርን የመሰሉ፣ ከኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። ተማሪው በስም ብቻ የሚያውቀውን ደራሲ ቡና ሲጠጣ አግኝቶ መጠየቅ መቻሉ ዋጋው በገንዘብ አይለካም። የሲምፖዚየሙን ጽሑፎች ካዘጋጁት መካከል ዶክተር ሚርያናና ዶክተር ሰለሞን ይገኛሉ።

ከዚያ ቀኖቹ ፈጠኑ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን መጠቀች፤ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበር። በመጋቢት ኮሮና ገባ፤ ክፍሎች ተዘጉ። እሁድ ሰኔ 14 ቀን ጠዋት የቀለበት ግርዶሽ ከወለጋ ተነስቶ በጎጃም በኩል ላሊበላ አለፈ፤ ላስታ ፀሐይን የቀለበት ያህል ቀጥና አየቻት፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ምዕራብ ሸዋም አብዛኛውን የፀሐይ ገጽ ተሸፍኖ አየ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 22፣ የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። ከማግስቱ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ከሐዘኑ ጎን ይህን ማንሳት ያንሳል፤ ነገር ግን መረጃውን ከሩቅ በሚያወርድ ሳይንስ ላይ የኢንተርኔት መዘጋት የቴሌስኮፕ መዘጋት ነው። በጥቅምት 2013 መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ተነሳ፤ መምህራንና ተማሪዎች ተበተኑ።

በዚያው ክፉ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ዶክተር ሚርያና ከሌሎች ጋር በአፍሪካ አስትሮኖሚ ማኅበር ሥር የአፍሪካ ሴት አስትሮኖመሮች መረብን አቋቋሙ፤ ሰብሳቢም ሆኑ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ሴት መምህር ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነች ያየ ሰው የመረቡን አስፈላጊነት አይጠይቅም። በ2021 የአውሮፓ አስትሮኖሚ ማኅበር የጆስሊን ቤል በርኔል ሜዳልያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተሸላሚዋ እሳቸው ሆኑ። ሜዳልያው የተሰየመላቸው ሴት በ1967 ገና ተማሪ ሳሉ ፐልሳርን አገኙ፤ በ1974 ኖቤሉን የወሰዱት ግን አለቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ሜዳልያ ለአስተማሪ መሰጠቱ ትክክል ነው።

በ2014 ዓ.ም ኢንስቲትዩቱ ከጂኦስፓሻል መረጃ ተቋም ጋር ተዋህዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ። ካርታና ሳተላይት ዕለታዊ ጥቅማቸው ስለሚታይ በጀት ይስባሉ፤ ጋላክሲ የሚያጠናው ክፍል በዚህ ጥላ ሥር እንዳይመነምን እሰጋለሁ። በላሊበላ አካባቢ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባሉት ተራሮች ላይ፣ ከከተማ መብራት የራቀ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ የማቆም ሐሳብ ከሶሳይቲው የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ አብሮን አለ። ደመናው፣ ነፋሱ፣ እርጥበቱና የአየሩ መናወጥ ተለክቶ ቦታው ከተረጋገጠ ከምድር ወገብ አጠገብ ሁለቱንም ሰማይ የሚያይ ደጋ እንደ ልብ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ ኬፕታውን ላይ ተቀመጠ፤ በኅብረቱ ከ100 ዓመት በላይ ታሪክ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው። በሰኔ 2025 ደግሞ ቺሌ ላይ 8.4 ሜትር መስታወት ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ የመጀመሪያ ምስሎቹን አወጣ። የደቡቡን ሰማይ በየጥቂት ሌሊቱ እየደጋገመ ለ10 ዓመት ያነሳል፤ 20 ቢሊዮን ገደማ ጋላክሲዎችን ይመዘግባል ተብሎ ይጠበቃል። ግራናዳ ላይ በ22,051 ጋላክሲዎች የተጀመረው የመለየት ሥራ እዚያ በቢሊዮን ይቆጠራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሲሰጥ የቆየውም ትምህርት ይኸው ነው። የተማሩት ጥቂቶች ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀምረዋል። ለሚመጣው መረጃ ግን ቁጥራቸው ገና እጅግ ያንሳል።